ላፕቶፑ ምን በደለ?

እስቲ ልጠይቅህ ወዳጄ። ላፕቶፕህ ምን አጠፋ? ሲያበሩት ይበራል። ትጽፍበታለህ፣ ታነብበታለህ፣ ማታ ማታ ፊልም ታይበታለህ። ባትሪው ደክሞ ይሆናል፤ ባትሪ ይቀየራል። ታዲያ ሰሞኑን ያገኘኸው ሰው ሁሉ «ይሄማ አብቅቶለታል፣ አዲስ ግዛ» የሚልህ በምን ወንጀሉ ነው?

ክሱ አንድ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ሁሉንም አያስገባም። ፕሮሰሰርህ ኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ጀነሬሽን ወይም ከዚያ ወዲህ የመጣ ይሁን ይላል። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይኑረው ይላል። ስምንተኛ ጀነሬሽን ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ማሽን የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን በር ላይ ይቀራል። ካናሊስ የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምት፣ በዚህ ምክንያት 240 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተር ወደ ቆሻሻ ሊሄድ እንደሚችል ተናግሮ ነበር። ሁለት መቶ አርባ ሚሊዮን! ያውም ያልተበላሸ!

ሻጩ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ጠጋኙ ተስማማ። የመሥሪያ ቤቱ የአይቲ ኃላፊ የግዢ ጥያቄ ጻፈ። ሁሉም በአንድ አፍ «ግዙ» ይላሉ። እኔ አትግዙ እላለሁ። መግዛት የግድ ከሆነብህም እነሱ የሚያሳዩህን አትግዛ። ይህን ቡና ላይ ባነሳሁ ቁጥር ስስታም እባላለሁ፣ ኋላ ቀር እባላለሁ፣ «አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ታካብዳለህ» ይሉኛል። ይበሉኝ። አንተ ግን በልብህ እንደምትስማማ አውቃለሁ። አፍህን የያዝከው «ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃል» እንዳትባል ፈርተህ ነው። ይህ ፍርሃትህ ነው ኪስህን የሚያራቁተው።

መጀመሪያ «ድጋፍ አለቀ» የሚለው ለቅሶ ከማን አፍ እንደሚወጣ እንይ። ለዓመታት አፕዴት ዘግተህ የኖርከው አንተ አይደለህም? «ፓኬጅ ይበላል» ስትል አልነበረም? ዊንዶው የጫነልህ ልጅስ «አፕዴት ካደረግከው ክራኩ ይበላሻል» ብሎ በገዛ እጁ አላጠፋልህም? ድጋፉ ለአንተ ያለቀው ጥቅምት 4 ቀን አይደለም። ለአንተ ተጀምሮም አያውቅም! ተጠቅመህበት የማታውቀው አገልግሎት ቆመ ተብሎ ስንት ወር ያጠራቀምከውን ደመወዝ ይዘህ ወደ ኮምፒውተር ቤት ትሮጣለህ? አዲሱን ገዝተህ ስትመጣስ ምን ልታደርግ ነው? ያው ልጅ ያንኑ ክራክ ይጭንልሃል። ያው አፕዴት ይዘጋል። ብሩ ወጣ። ምን ተለወጠ?

ደህንነት ዋዛ ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም «ግዙ» ከሚሉት ሁሉ አብልጬ የምፈራው እኔ ነኝ። እ.ኤ.አ. ሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ጥቃት በቀናት ውስጥ በ150 ያህል አገሮች ያሉ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ፣ በሽተኛ መለሱ። ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት የወጣው ግን ከሁለት ወር በፊት ነበር። የተመቱት ያልጫኑት ናቸው። ክራኩስ? ኬኤምኤስፒኮ በሚባለው ማስከፈቻ ስም ከሚሰራጩት ፋይሎች ውስጥ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ክሪፕትቦት የተባለ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2021 ተገኝቷል። «ነጻ ነው» ብለህ የጫንከው እሱ ነው። የባንክህን የይለፍ ቃል የምትጽፍበት ማሽን ላይ! በዚህ ላይ ተቀምጠህ ስለ ቲፒኤም ቺፕ ትጨነቃለህ? ቤቱ በር የለው፣ አንተ የምትጨነቀው ስለ ቁልፉ ሞዴል!

«አንድ ዓመት ማራዘሚያ አለ» የሚሉም አሉ። አዎ፣ አለ። ለግል ተጠቃሚ 30 ዶላር ይከፈልበታል፤ ያለ ክፍያ የሚገኝበት መንገድም ተቀምጧል። የሚያገለግለው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ከዚያስ? ከዚያ ያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ሳይደርቅ በርጥቡ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ? የሚቀየረው ሲስተሙ ከሆነ ሲስተሙን ቀይር። ሊኑክስ ጫን።

አሁን «ሊኑክስማ ከባድ ነው» ልትለኝ ነው። ማን ነገረህ? ሞክረኸው ነው ወይስ ሲሉ ሰምተህ? ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ይህ ሥራ ዛሬ በዓለም ላይ በፍጥነት የታወቁትን 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ ያንቀሳቅሳል። እሱ ሩቅ ነው ካልክ እጅህ ውስጥ ያለውን ስልክ እይ። አንድሮይድ የተሠራው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። በየቀኑ በቴሌብር ብር የምትልክበት፣ ቴሌግራም የምታይበት፣ እናትህም ያለ አስተማሪ የለመዱት ስልክ! በኪስህ ይዘኸው እየዞርክ «ለባለሙያ ብቻ ነው» ትላለህ? ሊኑክስ ክሮም አለው። ፋየርፎክስ አለው። ቴሌግራም አለው። ቪኤልሲ አለው። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሊብሬኦፊስ አለው፤ የወርድና የኤክሴል ፋይል ይከፍታል። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ረጅም ድጋፍ ያለው ቅጂ በየሁለት ዓመቱ ያወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው እስከ 2029 ድረስ ድጋፍ አለው። ገንዘብ አይጠየቅበትም። ክራክም አያስፈልገውም። ወዳጅህ በፍላሽ ቢሰጥህ ሁለታችሁም ሌባ አትሆኑም።

እዚህ ላይ ግን ከሊኑክስ ወዳጆችም ጋር እጣላለሁ። እነሱም ከሻጩ ባልተናነሰ አጥፍተዋል። «ሊኑክስ እኮ ማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ አሮጌውን አምጣና እንጫንበት» ይላሉ። ይህ አባባል ስንቱን እንዳባረረ ታውቃለህ? የሚሆነው እንዲህ ነው። ሰውዬው ዋናውን ላፕቶፑን አይነካም። አልጋ ሥር የተጣለውን፣ 2 ጊጋ ራም ያለውን፣ ሃርድ ዲስኩ ሲዞር የሚንጫጫውን፣ ቁልፎቹ የወላለቁትን አቧራውን አራግፎ ያወጣል። ሊኑክስ ይጭንበታል። ይንቀረፈፋል። ዋይፋዩ እምቢ ይላል። በሁለተኛው ቀን «አልኩህ አይደል፣ ሊኑክስ ዋጋ የለውም» ብሎ ይዘጋዋል። ለዊንዶውስ ጎረምሳውን ሰጠህ። ለሊኑክስ ሬሳውን ሰጠህ። ከዚያ ሁለቱን አወዳደርክ! ይህ ፍርድ ነው? ያ ማሽን ዊንዶውስ ቢጫንበት ኖሮ ይበር ነበር?

የምለው ይህንን ነው። ሲስተም የሚቀይር ሰው መጀመሪያ ሲስተሙን ይወስን፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ለዚያ ሲስተም ይምረጥ። እኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መጀመሪያ ቆርቆሮው ይገዛል፣ ቀጥሎ ምን እንደሚጫንበት የጠጋኙ ልጅ ይወስናል። ገንዘቡ የአንተ፣ ሥራው የአንተ፣ ፋይሉ የአንተ። ውሳኔው ለምን የእሱ ሆነ?

ሻጩስ ምን ይልሃል? መገናኛም ሂድ፣ ቦሌም ሂድ፣ መርካቶም ውረድ፣ የምትሰማው አንድ ነው፦ «ኮር አይ ሰቨን ነው!» አንተም «አይ ሰቨን ከሆነማ» ብለህ ትስማማለህ። ስንተኛ ጀነሬሽን ነው ብለህ ጠይቀሃል? ኮር አይ 7-7500ዩ የሚባለው ሰባተኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰር ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ኮር አይ 5-8250ዩ አራት ኮር አለው። አነስ ያለ ስም የያዘው አይ ፋይቭ፣ ትልቅ ስም ከያዘው አይ ሰቨን እጥፍ ኮር አለው! ተለጣፊው ላይ ግን ይህ አልተጻፈም። ሻጩ የሚሸጥልህ ተለጣፊውን ነው። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብብ፤ በእነዚህ ፕሮሰሰሮች ላይ የመጀመሪያዋ አኃዝ ጀነሬሽኑን ትነግርሃለች። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ማንበብ ይበቃል። አንተ ግን «እስቲ ቁጥሩን አሳየኝ» ለማለት አፈርክ። ከማን ነው የምታፍረው? ገንዘብህን ከሚቀበልህ ሰው?

ለሊኑክስ የሚሆነው ማሽን የሚያብረቀርቀው አይደለም። ከውጭ ኩባንያዎች ቢሮ ወጥተው እዚህ «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብለው የሚሸጡት ጥቁርና ግራጫ ላፕቶፖች ናቸው፤ የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ መስመር፣ የዴል ላቲቱድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ። መልካቸው አይማርክም። ሠርግ ላይ ይዘሃቸው አትታይም። ግን ጀርባቸው በተራ ብሎን ይፈታል፣ ራማቸው ይጨመራል፣ ዲስካቸው ይቀየራል። ቲንክፓድ ቲ470፣ ላቲቱድ 7480፣ ኤሊትቡክ 840 ጂ3፤ እነዚህ ስድስተኛና ሰባተኛ ጀነሬሽን ናቸው፣ ዊንዶውስ 11 በር ላይ ያስቀራቸው። ሦስቱም ሁለት ሁለት የራም ማስገቢያ አላቸው። 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ካለባቸው ኡቡንቱን ወይም ሊኑክስ ሚንትን ያለ ጭንቅ ይሸከማሉ። ሌላው ዓለም በማይክሮሶፍት ትእዛዝ የሚጥለውን ማሽን አንተ ለሥራህ ትወስደዋለህ። ሰዎቹ ይህንን ነው ኋላ ቀርነት የሚሉት!

ደግሞ ሁለት ነገር ተጠንቀቅ፣ ዋይፋዩንና የስክሪን ካርዱን። የኢንቴል ዋይፋይ ያለበት ማሽን ብዙ ጊዜ ሊኑክስ በተነሳበት ቅጽበት ኢንተርኔት ይይዛል። ብሮድኮም የሆነ እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ ዋይፋዩን ለማስነሳት ድራይቨር ማውረድ ይኖርብሃል፤ ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልግሃል። ኤንቪዲያ ካርድ ያለበትም ሳይጠየቅ የሚገዛ አይደለም፤ የራሱን ዝግ ድራይቨር ይፈልጋል። ጌም የማትጫወት፣ ቪዲዮ የማታቀናብር ሰው ለምን ይህን ጣጣ ከፍለህ ትገዛለህ? የጣት አሻራ ማንበቢያውም በብዙዎቹ ላይ በሊኑክስ አይሠራም። ይህንን የማይነግርህ የሊኑክስ ወዳጅ ወዳጅህ አይደለም።

ታዲያ እንዴት ታውቃለህ? ሞክረው! ፈረስ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ከፍቶ አይቶ፣ ተቀምጦበት ገበያውን ዞሮ ነው ብር የሚቆጥረው። አንተ ከፈረስ የሚበልጥ ዋጋ ላለው ዕቃ ስክሪኑ ሲበራ አይተህ ብቻ ትከፍላለህ። ሊኑክስ ሳይጫን ከፍላሽ ይነሳል። ሚንት 3 ጊጋ ገደማ ነው፤ አንዴ አውርደህ ሩፈስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ጻፈው። ፍላሹን ይዘህ ሱቅ ግባ፣ ሰካው፣ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ አስነሳው። የማሽኑ ዲስክ አይነካም። ዋይፋይ ያዘ? ድምፅ አለ? ካሜራው ይሠራል? የብርሃን ማስተካከያው ቁልፍ ይታዘዛል? ክዳኑን ዝጋና ክፈተው፤ ይነቃል? ይህ ሁሉ የአንድ ስኒ ቡና ጊዜ ነው። ከቢሮ የወጡ ማሽኖች ላይ ደግሞ አንድ የተደበቀ በሽታ አለ፦ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ባዮስ በቀድሞው ባለቤት የይለፍ ቃል ተቆልፎ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ያንን ማሽን ከፍላሽ ላስነሳህ ብትለው እምቢ ሊልህ ይችላል። ቤትህ ወስደህ ከምታውቀው እዚያው ሱቁ ውስጥ ብታውቀው አይሻልም?

ነጋዴው ምን እንደሚልህ ልንገርህ። «ኸረ አይሆንም፣ ቫይረስ ታስገባብኛለህ» ይልሃል። ወይም «እኛ ዊንዶው ጭነን ነው የምንሰጠው፣ ለምን ትለፋለህ» ይላል። የሚሸጠው ዕቃ ጤነኛ ከሆነ ምን አስፈራው? ዕቃውን የሚያምን ሰው ገዢ እንዳይነካበት አይከለክልም። ደፍረህ ብትጠይቅ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ያልጠየቅነው እኛ ነን።

ወደ ውጭ አገር ዘመዶቻችንም ልምጣ። «እባክሽ ስትመጪ አንድ ላፕቶፕ» የሚለው ልመና በየቤቱ አለ። እህት ሜሪላንድ ውስጥ ድርብ ፈረቃ ሠርታ፣ ወንድም ዱባይ ውስጥ ወር ጠብቆ፣ አዲስ ተብሎ በካርቶን የታሸገ ርካሽ ላፕቶፕ ይዘው ይመጣሉ። ላስቲኩ ሲላጥ ቤተሰቡ ያጨበጭባል። ውስጡ ምን አለ? 4 ጊጋ ራም፣ ቦርዱ ላይ የተበየደ። 64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ ማከማቻ፣ እሱም የተበየደ። ዊንዶውስ 11 ለመጫን ይህ ይበቃል ይላል፤ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ ዝቅተኛው መስፈርት ነውና። ልብ በል፣ ስድስተኛ ጀነሬሽኑን ባለ 16 ጊጋ ላቲቱድ «አትችልም» ብሎ የመለሰው ያው ሲስተም ይህንን «ግባ» ይለዋል! ጥቂት አፕዴት ከወረደ በኋላ ዲስኩ ይሞላል። የሚጨመርበት መንገድ የለም። የዘመድህ ላብ ፕላስቲክ ሆኖ ቀረ። በዚያው ገንዘብ፣ ምናልባትም ከዚያ ባነሰ፣ እዚያው አሜሪካ ታድሶ የሚሸጥ ቲንክፓድ ይገኝ ነበር። ግን አሮጌ ዕቃ ማምጣት ነውር ነው አይደል? አሮጌ መስሎ የሚሠራውን ንቀን አዲስ መስሎ የማይሠራውን እናቅፋለን።

ማክቡኩ ደግሞ ራሱን የቻለ በሽታ ሆኗል። ማክ መጥፎ ማሽን ነው አልልም። ለሥራው የሚፈልገው፣ ማክኦኤስን የመረጠ ሰው ይግዛ። እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላው ነው፦ በኪሱ ያለውን አራግፎ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ማክቡክ ይገዛና በሁለተኛው ቀን «ዊንዶው ጫንበት» የሚለው። ታዲያ ምኑን ገዛኸው? ጀርባው ላይ ያለችውን ፖም? የ2015ቱ ማክቡክ ፕሮ የሚደርሰው እስከ ሞንተሬይ ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ነው። ራሙ የተበየደ ነው፣ አይጨመርም። በሊኑክስ ላድነው ካልክ ዋይፋዩ ያ ያልኩህ ብሮድኮም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2020 የተሠሩት ቲ2 ቺፕ ያላቸው ማኮች ደግሞ ተራ ኡቡንቱ ስታስነሳባቸው ኪቦርዳቸው እንኳ አይሠራም። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2020 ወዲህ የወጡት ኤም1ና ተከታዮቹ ዊንዶውስን ጎን ለጎን የሚያስጭነው ቡት ካምፕ የላቸውም። ይህን ሁሉ ሻጩ ነገረህ? ካፌ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያምራል፣ እሱን ነግሮሃል።

ሁሉም ሰው ወደ ሊኑክስ ይሂድ እያልኩ እንዳልሆነ ልብ በል። የሂሳብ ባለሙያ ከሆንክና እንጀራህ ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ ፕሮግራም ከሆነ እዚያው ዊንዶውስ ላይ ቆይ። ፒችትሪ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። በአውቶካድ የምትስል መሐንዲስ ከሆንክ ቆይ። ፎቶሾፕ የዕለት ሥራህ ከሆነ ዊንዶውስ ወይም ማክ ያስፈልግሃል። ለአንተ ስምንተኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ያለው ማሽን እውነተኛ ወጪ ነው፤ ቲንክፓድ ቲ480 ወይም ላቲቱድ 7490 ግዛ፣ ለዊንዶውሱም ክፈልና በሰላም ሥራ። ዋይን በሚባለው ፕሮግራም የዊንዶውስ ሶፍትዌሮችን ሊኑክስ ላይ ማስኬድ ይቻላል የሚሉህ ልክ ናቸው፣ ግን በወር መዝጊያ ዕለት ደመወዝ የሚሠራ ሰው በዚህ አይወራረድም። እሺ፣ ስንቶቻችን ነን እንዲህ ያለ ሥራ ያለን? አብዛኛው ሰው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ኢሜይል ያያል፣ ዩቲዩብ ያያል፣ ቴሌግራም ይከፍታል። ለዚህ ነው ፒችትሪን ምክንያት የምታደርገው? ከፍተኸው ታውቃለህ?

አማርኛውስ? ይህ ጥያቄ ሲነሳ ድምፁ ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም ያገር ጉዳይ ይመስላል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈው። ኖቶም አቢሲኒካም ነጻ ፎንቶች ናቸው፤ ሊኑክስ ላይ አማርኛ ይነበባል። ኪማን የተባለው መጻፊያ ሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ አይባስ በሚባለው የመጻፊያ ሥርዓት በኩልም በእንግሊዝኛ ኪቦርድ አማርኛ ይጻፋል። ችግሩ የሚመጣው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ከተጻፉት ፋይሎች ነው። እነዚያ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝርክርክ ይሆናሉ። ፓወር ግዕዝን የመሳሰሉት መጻፊያዎች ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸውና መሥሪያ ቤቶቻችን ከዚህ አልተላቀቁም። ግን ይህ የሊኑክስ ጥፋት ነው? ያ ፋይል አዲስ በተገዛው ዊንዶውስ 11 ላይም ፎንቱ ካልተጫነ ያው ዝርክርክ ነው። ስልክህም ላይ አይነበብም። በገዛ ፊደላችን የተጻፈ ሰነድ፣ በገዛ አገራችን፣ አንድ ፎንት ከሌለ የማይነበብ! መቀየር ያለበት ይሄ ነው፤ እየተቀየረ ያለው ግን ላፕቶፑ ነው።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤቶቹ። የግል ሰው ቢሳሳት የራሱን ኪስ ነው የሚጎዳው። መሥሪያ ቤት ሲሳሳት ግን የሁላችንንም ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ100 ብር በብዙ አልፏል። ላፕቶፕ እዚህ አይበቅልም፤ በዶላር ነው የሚመጣው። መድኃኒትም በዚያው ዶላር ነው የሚመጣው። ማዳበሪያም እንደዚሁ። እና ደብዳቤ ለመጻፍና መዝገብ ለመሙላት የሚያገለግሉ ጤነኛ ኮምፒውተሮችን፣ ማይክሮሶፍት አልቀበልም ስላለ ብቻ፣ በንብረት ማስወገጃ መጋዘን ቆልለን አዲስ እናስመጣ? «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚል ስትራቴጂ አጽድቀናል። በየመድረኩ ስለ ዲጂታል ሉዓላዊነት እንሰማለን። የትኛው ሉዓላዊነት? ማይክሮሶፍት ሬድመንድ ላይ ተቀምጦ፣ ቀን ቆርጦ «ኮምፒውተሮቻችሁን ጣሉ» ሲለን «እሺ ጌታዬ» የምንልበት?

«ሌላው አገር ያልሞከረውን» አትበለኝ። የፈረንሳይ ዣንዳርሜሪ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ኡቡንቱ ላይ የተመሠረተ የራሱን ሲስተም በአስር ሺዎች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮቹ ላይ ጭኗል። ጠመንጃ የታጠቀ የፖሊስ ኃይል ነው፣ የተማሪዎች ክበብ አይደለም። የጀርመኑ ሽሌስቪሽ ሆልስታይን ክልል 30,000 ሠራተኞቹን ወደ ሊብሬኦፊስና ወደ ሊኑክስ እንደሚያሻግር እ.ኤ.አ. በ2024 አስታውቋል። አዎ፣ ሙኒክ ከተማ ሊኑክስ ጭና እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስናለች፤ ይህንንም አልደብቅህም። ሙኒክ ግን ሀብታም ናት። ሞክራ፣ ለዓመታት ሠርታበት፣ አስልታ ወሰነች። እኛስ ምን አስልተናል? የትኛው ክፍል፣ የትኛው ሥራ፣ የትኛው ኮምፒውተር ሊኑክስ እንደሚበቃው የለየ መሥሪያ ቤት ካለ እጅ እነሳዋለሁ። የተማሪ ላብራቶሪው ይሄዳል። ጸሐፊዋ ትሄዳለች። ፒችትሪ ያለበት የሂሳብ ክፍል ይቀራል። ይህንን ዝርዝር ለማውጣት አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። የግዢ ጥያቄ መጻፍ ግን ይቀላል፤ የግዢ ጥያቄ ያጸደቀ ኃላፊ «ለምን» ተብሎ አይጠየቅም፤ «ሊኑክስ እንሞክር» ያለው ኃላፊ ግን አንድ ፕሪንተር እምቢ ባለ ቀን ስሙ ይነሳል። እውነተኛው ምክንያት ይሄ ነው። ፈሪ ስለሆንን ነው ዶላር የምናወጣው።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ከመክፈልህ በፊት የምትጠቀምባቸውን ፕሮግራሞች ጻፍ። ዊንዶውስን የግድ የሚል ከሌለበት የያዝከው ላፕቶፕ ላይ ፍላሹን ሰካና ሞክር፤ ፋይሎችህን ሌላ ቦታ ቅዳ፣ ከሠራልህ ጫነው፣ ራም ጨምርለት፣ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይረው። መግዛትህ የማይቀር ከሆነም ኮምፒውተር ቤት ስትገባ ከብርህ በፊት ፍላሽህን አውጣ። አላስሞክርም ካለህ አመስግነህ ውጣ። ከጎኑ ሌላ ሱቅ አለ።